ሳይንቲስቶች ያዳመጡት ጫጫታ

 

ልባችን በመታ ቁጥር ደካማ ማግኔታዊ ምልክት ያወጣል፤ ሱብሃነላህ! ከመሬት ማግኔታዊ መስክ አንጻር ሲታይ በሚሊዮን እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ይህን መለካት የሚችለው «ስኩዊድ» የሚባል መሣሪያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተሠራ። የሚሠራው በሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ማለትም ያለ ምንም ሬዚስታንስ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ቁስ።

ሱፐርኮንዳክተርን በ1911 በሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ያገኘው ካመርሊንግ ኦነስ ነበር። ሜርኩሪን እስከ -269 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያቀዘቅዘው ሬዚስታንሱ ጠፋ። ለዚህ ግን ውድ የሆነው ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈልጋል።

በ1986 በድኖርዝ እና ሙለር ዙሪክ ላይ አዲስ ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር አገኙ። በዓመቱ ፖል ቹ፣ ማው-ኩን ዉ እና ባልደረቦቻቸው በ-180 ዲግሪ አካባቢ የሚሠራ ቁስ ይፋ አደረጉ። ይህን ለማቀዝቀዝ ከአየር የሚገኘው ርካሹ ፈሳሽ ናይትሮጅን (-196) ይበቃል።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከአዲሱ ቁስ የተሠሩት ስኩዊዶች በራሳቸው ማግኔታዊ ጫጫታ ታወኩ። ጫጫታው ይበልጥ የሚበረታው ደግሞ እንደ ልብ ምት ባሉ ዝግ ያሉ ምልክቶች ላይ ነበር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ የነበሩት ጆን ክላርክና ባልደረቦቹ ጫጫታውን ራሱን ማጥናት ጀመሩ። በሂሊየም የቀዘቀዘውን የድሮውን ስኩዊድ ከአዲሱ ቁስ ስስ ሽፋን አጠገብ አድርገው አዳመጡ። ምክንያቱ ተገኘ። ማግኔታዊ መስክ ወደ ቁሱ የሚገባው በቀጫጭን አዙሪቶች መልክ ነው፤ ይህንን አብሪኮሶቭ በ1957 በቀመር አሳይቶ ነበር። አዙሪቶቹ በቁሱ ውስጥ ባሉ እንከኖች ላይ ይያዛሉ፤ ሙቀት ሲገፋቸው ደግሞ ከአንዱ እንከን ወደ ሌላው ይዘላሉ። ጫጫታው የዝላያቸው ድምር ነው።

መንስኤው ሲታወቅ መፍትሔው ተከተለ። የሽፋኑ ክሪስታል ጥራት ሲሻሻል ጫጫታው ቀነሰ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሽፋኑን ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ባላቸው ጠባብ መስመሮች ሲከፋፍሉት በመሬት መስክ ውስጥ እንኳ አዙሪት የሚያርፍበት ቦታ አጣ። በናይትሮጅን የቀዘቀዙ ስኩዊዶችም የልብን ምልክት መዘገቡ።

ከ1,000 ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ ኢብኑል ሀይሠም ብርሃንን ሲያጠና የሰማውን ሁሉ በሙከራ ያጣራ ነበር። እኛስ? ትምህርት ሲከብደን፣ ሙከራችን ሲከሽፍ «አይሆንልኝም» ብለን እንተወዋለን ወይስ ለምን እንደከሸፈ በሰብር እንመረምራለን? እነዚያ ተመራማሪዎች ጫጫታውን ንቀው ቢያልፉት ኖሮ መንስኤውን ባላወቁ ነበር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትንና ሰብርን ይወፍቀን። አሚን!