ሕጸጸ ሕዋስ፤ ከሌንስ ቀዶ ጥገና በኋላ ከዓይን ብሌን የሚጎድለው ቍጥር

የዓይን ሐኪሞች «ኢንዶቴሊያል ሴል ሎስ» እያሉ በባዕድ አፍ የሚጠሩትን፥ ይኸውም የዓይን ብሌን በስተውስጥ የለበሳቸው ረቂቃን ሕዋሳት በሕመም ወይም በቀዶ ጥገና ምክንያት በቍጥር ማነሳቸውን፥ በአማርኛ «ሕጸጸ ሕዋስ» ብንለው ነገሩን ከነባሕርዩ የሚገልጥልን ይመስለኛል። ሕጸጽ በግእዝ ጉድለት፥ ማነስ ማለት ሲሆን፥ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጨረቃ አንዱን ወር በ30 ሌላውን በ29 ቀን ስትፈጽም የምትጎድለውን ዕለት ሲቈጥሩበት የኖሩ ቃል ነው፤ ስለዚህ የቍስል ወይም የደዌ ስም ሳይሆን ከታወቀ ቍጥር ላይ የቀነሰውን የሚያመለክት የሒሳብ ስም ነው፤ ሐኪሞቹም የሚሹት ይህንኑ ነው። ሕዋሳቱ በአንድ ረድፍ የተሠሩበትን ሽፋን ደግሞ «ውስጠ ልባስ» እንበለው። ኮርኒያን፥ ይኸውም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፥ «ብሌን» ያልሁት፥ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል ለጋሹ ከሞተ በኋላ የሚወሰደው ይኸው ክፍል ስለ ሆነ ነው፤ ለመዝሙረ ዳዊት አንባቢ ብሌን በዓይን መካከል ያለው ጥቍር ነጥብ መሆኑን አልዘነጋሁም፥ ነገር ግን ሕዝብ በንግግሩ ያጸናውን ማፍረስ የጸሐፊ ሥልጣን አይደለም።

ብሌን በመካከሉ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የደም ሥር የለውም፤ ብርሃንንም ሳያውክ የሚያሳልፈው ውስጡ በልክ ከውኃ ተጠብቆ ስለሚኖር ነው። ሥጋው በባሕርዩ ውኃ ሳቢ ነውና፥ የሚከለክለው ቢያጣ ከዓይኑ ውስጥ ካለው ፈሳሽ እየጠጣ ያብጣል፥ ሲያብጥም ይደፈርሳል። ይህ እንዳይሆን የውስጠ ልባሱ ሕዋሳት፥ አብዛኞቹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው ጎን ለጎን የተሰካኩት፥ ጨውነት ያላቸውን ንጥረ ነገሮች ከብሌኑ ወደ ውጭ እያሳለፉ ውኃው ተከትሏቸው እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ ይህንም ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። በጤናማ ጎልማሳ ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ያህል ይገኛሉ፤ ዕድሜም ብቻውን ከእነዚህ በየዓመቱ ከመቶ 0.6 ገደማ ይቀንሳል። የቆዳ ሕዋስ ሲረግፍ ሌላ ይተካበታል፤ እነዚህ ግን በሰው ዓይን ውስጥ ሳሉ ዳግመኛ ተከፍለው አይበዙም፤ አንዱ ሲሞት ጎረቤቶቹ ተለጥጠው ስፍራውን ይሸፍኑለታል እንጂ ምትክ አይወልዱለትም። ቍጥሩ ወደ 500 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ የቀሩት ሥራውን መሸከም ያቅታቸዋል፤ ብሌኑም ያብጣል፥ ላዩም ውኃ ይቋጥራል። ብሌኑ ያበጠበት ሰው ብዙ ጊዜ ጧት ሲነሣ እይታው ይብስበታል፤ ሌሊቱን የዓይኑ ቆብ ተከድኖ ስለሚያድር ከብሌኑ ላይ በነፋስ ሊተን ይችል የነበረው ውኃ ሳይተን ይቀራልና።

ሌንስ በቀዶ ጥገና ከሚወጣባቸው ምክንያቶች አንዱ በዓይን ውስጥ ያለ ማዕዘን መዘጋት ነውና፥ አሁን ወደ እርሱ እንምጣ። ዓይን በውስጡ የሚያመነጨው ፈሳሽ የሚወጣበት ማጣሪያ ያለው ብሌኑና አይሪስ የተባለው ባለ ቀለም መጋረጃ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። በአንዳንድ ሰው፥ ይልቁንም ዕድሜው በገፋ፥ ዓይኑ አጭር በሆነና ቅርቡን ለማየት በሚቸገር፥ በሴቶችና በምሥራቅ እስያ ሕዝቦችም ዘንድ በብዛት፥ ይህ ማዕዘን ጠባብ ነው፤ በወጣትነት 4 ሚሊሜትር ያህል የነበረው ሌንስ በእርጅና ወደ 5 ሚሊሜትር ሲወፍር፥ አይሪስን ከኋላው ወደ ፊት እየገፋ ማጣሪያውን ይደፍንበታል። ዝግ ማዕዘን የሚባለው ደዌ ይህ ነው። አንዳንዱ ቀስ እያለ ሳይታወቅ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ግን በድንገት ይዘጋና የዓይኑ ግፊት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከልኩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ሰውየውም ራሱን ያመዋል፥ ያስመልሰዋል፥ በመብራት ዙሪያ ቀለማም ክብ ያያል፤ ሕመሙን ከሆድ ወይም ከራስ የመጣ አድርጎ የሚያክም ሐኪምም አይታጣም። በዚያች የግፊት ሰዓት ከውስጠ ልባሱ ሕዋሳት ከፊሎቹ ሊሞቱ ይችላሉ።

ጥፋቱ ከሌንሱ መወፈር ከሆነ ሌንሱን ማውጣት መድኃኒት መሆኑ ግልጥ ነው፤ በምትኩ የሚገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ስለ ሆነ አይሪስ ወደ ኋላ ይመለሳል፥ ማዕዘኑም ይከፈታል። ቀድሞ ሌንስ በአብዛኛው የሚወጣው የዓይን ሞራ ሲጋርደው ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ውጤቱ የታተመው «ኢግል» የተባለው ጥናት ግን በ419 ሕሙማን ላይ ተደርጎ፥ ሞራ ያልጋረደውን ሌንስ አስቀድሞ ማውጣት አይሪስን በሌዘር ከመብሳት የተሻለ ፍሬ እንደሚሰጥ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሕጸጸ ሕዋስ ለዚህ ደዌ ሐኪሞች ይልቁን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ሆነ፤ በገዛ ሌንሱ ገና እያየ ላለ ሰው ቀዶ ጥገና ሲመከር የሚከፈለው ዋጋ ሊታወቅ ይገባልና።

ችግሩ ግን ከስፍራው ጥበት ነው። በብሌኑና በሌንሱ መካከል ያለው ክፍል በሌላው ሰው 3 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፥ በዚህ ሕመምተኛ ወደ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል። ቻርልስ ኬልማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967 በሥራ ላይ ያዋለው መሣሪያ (ሐሳቡ ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ሳለ እንደ መጣለት ራሱ ተናግሯል) በሰከንድ በብዙ ዐሥር ሺሕ ጊዜ በሚንቀጠቀጥ መርፌ ሌንሱን ሰባብሮ ይመጥጠዋል፤ ታዲያ መርፌው፥ ሙቀቱ፥ የሚዞረው ፈሳሽና የሚበርረው ስባሪ ሁሉ ከውስጠ ልባሱ አጠገብ ናቸው። ሌንሱ ከጠነከረ ኀይሉም ይበዛል፥ ጕዳቱም ይጨምራል። ስለዚህ ጠቢብ ቀዳጅ ዝልግልግ መድኃኒት ሞልቶ ውስጠ ልባሱን ይጋርዳል፤ ሌንሱን ከብሌን አርቆ በገዛ ከረጢቱ ውስጥ ይከፋፍላል፤ ማዕዘኑ በድንገት ተዘግቶበት የመጣ ሕመምተኛ እንደ ሆነም ጊዜ ካለው ግፊቱን በመድኃኒት አብርዶ ብሌኑ እስኪጠራ ይጠብቃል። ብዙው ዓይን ከሕዋሱ ጥቂት አጥቶም ጥርት ብሎ ይኖራል።

አቈጣጠሩም የራሱ ወጥመድ አለው። «ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ» የተባለው መሣሪያ ብርሃን ከውስጠ ልባሱ ላይ ሲመለስ ፎቶግራፍ ያነሣና ሕዋሳቱን ይቈጥራል፤ ከቀዶ ጥገና በፊት 2,400 የነበረው በኋላ 2,160 ቢሆን ሕጸጹ ከመቶ 10 ነው እንላለን። ነገር ግን መሣሪያው የሚያየው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የብሌኑን መካከል፥ በሁለተኛው ዳሩን ቢያነሣ ልዩነቱ ከሥራው ሳይሆን ከአነሳሱ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም በድንገተኛው መዘጋት የሞቱት ሕዋሳት ከቀዶ ጥገናው በፊት ካልተቈጠሩ፥ ጉድለቱን ሁሉ በቀዳጁ እጅ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እኔ ብጠየቅ የምመርጠው፥ ከመቶ ስንት እንደ ጎደለ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደ ቀረ አብሮ እንዲጻፍ ነው፤ ከ3,000 ላይ ዐሥራት ማጣትና ከ900 ላይ ዐሥራት ማጣት በወረቀት ላይ አንድ ቢሆኑም በዓይን ላይ አንድ አይደሉምና።

ቍጥሩ ካለቀበት ሰው ዛሬ ውስጠ ልባሱ ብቻ ተነሥቶ የሟች ለጋሽ ውስጠ ልባስ ይተከልለታል፤ ሙሉ ብሌን መቀየር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በጃፓን አገር በኪዮቶ ሽገሩ ኪኖሺታና ባልደረቦቹ ከዚህ አልፈው፥ በብልቃጥ ያበዙትን የለጋሽ ሕዋስ በ11 ሕሙማን ዓይን ውስጥ በመርፌ ጨምረው፥ ሕዋሱ ወደ ብሌኑ እንዲወርድ ሕሙማኑን 3 ሰዓት በደረታቸው አስተኝተው፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2018 አሳተሙ፤ ከ24 ሳምንት በኋላ በሁሉም ዓይን በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ከ500 የበለጠ ሕዋስ ተቈጠረ። ይህ ሕክምና ግን ብሌኑ አስቀድሞ ለደፈረሰበት ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ማዕዘኑ ለተዘጋበትና ገና ጥርት ያለ ብሌን ላለው ሕመምተኛ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚሰጥ መከላከያ አይደለም።