ታማሚን ከአልጋ ወደ ወንበር ያለ ጉዳት ማዛወር

በስትሮክ ሳቢያ ግማሽ አካሉ የዛለ፣ በእርጅና የደከመ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ በማገገም ላይ ያለ ሰው ለረጅም ጊዜ ሲተኛ የመኝታ ቁስል፣ የሳንባ ምች እና የደም መርጋት ሊያጋጥመው ይችላል። ስለሆነም ሐኪም ሲፈቅድ በየዕለቱ ወንበር ላይ መቀመጡ የሕክምናው አንድ አካል ነው።

በየቤቱ የተለመደው አነሣሥ ግን ታማሚውን በብብቱ ይዞ ብድግ ማድረግ ነው። ይህ አደገኛ ነው። በስትሮክ የዛለ ትከሻ ጡንቻው አጥብቆ ስለማይይዘው ሲጎተት ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። አስታማሚውም ኩንታል መሸከም የለመደ ገበሬ ቢሆን እንኳ ወገቡን ሊጎዳ ይችላል፤ ጆንያ አይደነግጥም፣ የተሸካሚውን አንገትም አንቆ አይዝም። ትክክለኛው መንገድ ታማሚው በቀረው ጉልበት ራሱ እንዲነሣ ማገዝ ነው።

ወንበሩ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው፣ የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ዱካ ለዚህ አይሆንም። ወንበሩ በታማሚው ጤነኛ ጎን በኩል፣ ከአልጋው ጋር ተጠግቶ በመጠኑ ሰያፍ ይቀመጣል። ተሽከርካሪ ወንበር ከሆነ ፍሬኑ ይያዛል፤ የእግር ማሳረፊያው ይታጠፋል። ወለሉ ላይ ውኃ ወይም ቄጠማ ካለ ይነሣል። ታማሚው የማይንሸራተት ጫማ ያድርግ እንጂ በካልሲ ብቻ አይቁም።

መደብ ዝቅ ስለሚል ከእርሱ ላይ መነሣት ይከብዳል፤ ፍራሽ ደራርቦ ከፍ ማድረግ ይረዳል። የጠፍር አልጋ መሐሉ ስለሚረግብ ታማሚው ወደ ጠርዙ መጠጋት አለበት።

ታማሚው ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገረው። ከዚያም በጎኑ ዞሮ፣ እግሮቹን ወደ ታች አውርዶ፣ በእጁ እየተደገፈ ቁጭ ይላል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ተኝቶ የቆየ ሰው በድንገት ሲነሣ የደም ግፊቱ ስለሚወርድ ያዞረዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ። ማዞሩ ካልተወው ተመልሶ ይተኛ።

ሁለቱም እግሮቹ መሬት ከረገጡ በኋላ ወደ ኋላ ሳብ ይደረጋሉ። አስታማሚው ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ከጉልበቱ በርከክ ይላል፤ ወገቡን አያጎብጥም። በራሱ ጉልበት የታማሚውን የዛለ ጉልበት ይደግፋል። እጆቹ የሚይዙት ወገብን ነው፤ ሆድ ላይ ቁስል ከሌለ ሰፊ መቀነት ማሰር ለመያዣ ይመቻል። ታማሚው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ይነሣል። በትንንሽ እርምጃ ዞሮ የወንበሩ ጠርዝ ከእግሩ ኋላ ሲነካው፣ በጤነኛ እጁ ማሳረፊያውን ይዞ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። የዛለው እጅ ትራስ ላይ ይደገፍ።

እግሩ ጨርሶ ክብደት የማይሸከም ሰው በዚህ መንገድ፣ ያውም በአንድ ሰው፣ መነሣት የለበትም፤ የጤና ባለሙያ ሌላ ዘዴ ማሳየት ይኖርበታል።

ታማሚው መሐል ላይ ከከዳው፣ ከተቻለ ወደ አልጋው ይመለስ፤ ካልሆነ በአስታማሚው አካል እየተደገፈ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይውረድ። ወድቆ ዳሌው ላይ ከባድ ሕመም ካለው፣ ወይም አንድ እግሩ ካጠረና ወደ ውጭ ከዞረ ስብራት ሊሆን ስለሚችል፣ ለማስቆም ሳይሞከር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።