ገልባጭ ሮቦት

ገልባጭ ሮቦት በሮቦት ፍልሚያ ውድድር ተጋጣሚውን ከሥር አንሥቶ የሚገለብጥ ወይም ከሜዳ አውጥቶ የሚወረውር ሮቦት ነው። ክንዱን የሚያነሣው ብዙውን ጊዜ የታመቀ አየር ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ርካሹ ዓይነት የጭነት መኪና የአየር ፍሬን በሚሠራበት ግፊት፣ ማለትም በ8 ባር አካባቢ ይሠራል።

ታሪክ

የሮቦት ፍልሚያ በሰፊው የታወቀው ማርክ ቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1994 በሳን ፍራንሲስኮ ባዘጋጀው «ሮቦት ዋርስ» ነው። ውድድሩ በ1998 በእንግሊዝ በቢቢሲ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በጆርጅ ፍራንሲስ የተሠራው «ኬኦስ 2» በዚህ ውድድር ተጋጣሚውን ከሜዳ ውጭ በመጣል የመጀመሪያው ሲሆን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዙር አሸንፏል።

አሠራር

ዋና ክፍሎቹ የአየር ታንክ፣ ቫልቭ፣ ሲሊንደርና ክንድ ናቸው። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ ፒስተኑን፣ ፒስተኑም ክንዱን ይገፋል። ከዚያ አየሩ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ክንዱም በሞላ ወይም በላስቲክ ይመለሳል።

የሚገኘው ኃይል ግፊቱ በፒስተኑ ስፋት ሲባዛ ነው። ዲያሜትሩ 63 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር በ8 ባር ወደ 2,500 ኒውተን ይገፋል። ፒስተኑ 10 ሴንቲሜትር ቢጓዝ ቢበዛ 250 ጁል ይሰጣል። 13.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት 1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 133 ጁል ይበቃል። ነገር ግን ቫልቩ ወይም ቱቦው ጠባብ ከሆነ አየሩ በፍጥነት ስለማይደርስ ክንዱ ያነሣል እንጂ አይወረውርም።

ይህ ሲሊንደር በአንድ ምት 0.31 ሊትር አየር ይወስዳል። ታንኩ 2 ሊትር ከሆነ ግፊቱ ከሦስት ምት በኋላ ወደ 5 ባር ይወርዳል።

ወጪን መቀነስ

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሮቦት ከፍተኛ ግፊት የሚችል ጠርሙስና የግፊት መቀነሻ ስለሚፈልግ ውድ ነው። የ8 ባር ታንክ ግን በጎሚስታ ኮምፕረሰር ይሞላል። ለመንኮራኩሮቹ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ለአካሉ ላሜራ መጠቀም ይቻላል። ገንዘብ ሲያጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ሰፊ ቀዳዳ ላለው ቫልቭ ነው።

ከፍታና ሙቀት

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ነው። በጣርማ በር አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰር ታንክ ለመሙላት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀት ነው፤ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ 45 ባር፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር ይደርሳል። ከ31 ዲግሪ በላይ ፈሳሹ ፈሳሽ ሆኖ አይቆይም፤ ከመጠን በላይ የተሞላ ጠርሙስም ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ በደጋ ብርድ የተሞላ ጠርሙስ ወደ ይፋት ቆላ ከመውረዱ በፊት መጠኑ በሚዛን መረጋገጥ አለበት።

ጥንቃቄ

የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ወይም በቤት የተበየደ ቆርቆሮ ታንክ ሊሆን አይችልም፤ ሲፈነዳ ስብርባሪው ይገድላል። ታንኩ ለሚሠራበት ግፊት የተመሰከረለት መሆንና የማስተንፈሻ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል።

ከአሮጌ ጭነት መኪና ዕቃ ሲፈታ፣ የእጅ ፍሬኑን የሚይዘው ባለሞላ የፍሬን ቻምበር ፈጽሞ መከፈት የለበትም። አየሩ ወጥቶ ባዶ ቢሆንም ውስጡ ያለው ሞላ እንደታመቀ ነው፤ ክዳኑ ሲፈታ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሮቦቱ ከሜዳ ውጭ ሳለ ክንዱ በብረት መቆለፊያ ይታሰራል። ጥገና የሚጀመረውም አየሩ ተለቆ የግፊት መለኪያው ዜሮ ካሳየ በኋላ ነው።