ነፋስና ወገብ

ከአዳማ ወጣ ባሉት ኮረብቶች ላይ ነፋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አዳማ አንድ 34 ተርባይኖችና 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋዋት ይዘው የቆሙት ለዚህ ነው። ወደ መቂና ባቱ የሚወስደው የስምጥ ሸለቆው ወለል ግን ሜዳ ነው፤ ብስክሌት እንደ ልብ ይነዳበታል። የአገሩ ብስክሌተኛ ከዳገት ይልቅ የሚታገለው ከነፋስ ጋር ነው።

የውድድር ብስክሌትን መሪ ቁልቁል ያወረደውም ነፋስ ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው «ሮቨር» የዛሬው ብስክሌት አያት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪዎች ነፋስን ለማምለጥ ጀርባቸውን እያጎነበሱ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር በጀርባው ተንጋሎ በሚነዳ ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በዓመቱ ይህን ዓይነቱን ብስክሌት ከውድድር አስወጣው። ጎንበስ ብሎ መንዳት እንግዲህ የነፋስ ብቻ ሳይሆን የደንብም ልጅ ነው።

ብስክሌት በእኛ አገር የተስፋፋው ከጣሊያኖች ጋር ነው። «ጎማ»፣ «ፍሬን»ና «ካምቢዮ» ከእነርሱ የቀሩ ቃላት ናቸው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞቿም አብረው ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ወደ 188 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የጎዳና ውድድር ተወዳድሯል፤ ከአራት ዓመት በኋላም ሮም ላይ ተሰልፏል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን በመጀመር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ያ የተወዳዳሪዎች ያጎነበሰ አቀማመጥ የተሠራው ለወጣት ወገብ ነው። ዕድሜ ሲገፋ አከርካሪ ይደርቃል፣ የጭን ጅማት ያጥራል፤ አጎንብሶ ቀና ብሎ ማየት አንገትን ያሳምማል። ክብደቱ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ጣቶች ይደነዝዛሉ። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ መሪውን ከኮርቻው እኩል ማድረስ፣ ወደ ነጂው ማቅረብ፣ ሰፋ ያለ ጎማ አስገብቶ በውስጡ ያለውን አየር መቀነስ። ኮርቻውን ግን መሪው ከፍ አለ ብሎ ዝቅ ማድረግ ጉልበት ይጎዳል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው አሠልጣኝ ሲሪል ጊማር ያስለመዱት የኮርቻ ከፍታ ስሌት፣ የእግር ውስጠኛ ርዝመት በ0.883 ተባዝቶ፣ ዛሬም መነሻ ይሆናል።

ዕድሜ ቢገፋም መንዳት ይቻላል፤ ሮበርት ማርሻን የተባሉ ፈረንሳዊ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ102 ዓመታቸው፣ በአንድ ሰዓት 26.927 ኪሎ ሜትር ነድተዋል። በ105 ዓመታቸው 22.547 አስመዝግበዋል።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ነፋስን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚበር ተወዳዳሪ ማጎንበስ ትርፍ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ወደተመረቀው አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ግን ቀና ብሎ ቢቀመጥ የሚከስረው ጥቂት ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት የመጣበት ቀን ክርኑን አጥፎ ለጥቂት ደቂቃ ዝቅ ይላል፤ ከፓርኩ በር ሲደርስ ደግሞ ቀና ይላል።