51 ለ 50፦ የሙኒክ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ የውጤት መዝገብ እንደ ታሪክ ምንጭ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ሰነድ የአንድ ቅርጫት ኳስ ጨዋታ የውጤት መዝገብ ነው። በታሪክ መድረክ ላይ ስለ ስፖርት መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀለል ያለ ጉዳይ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕል ወይም የግብር መዝገብ ስንመረምር የምናነሣቸውን ጥያቄዎች ይህም ሰነድ ያስነሣል። ማን ጻፈው? በማን ትእዛዝ? ምን እንዲይዝ ተበጀ? ምንስ ከውስጡ ቀረ?

ጨዋታው በሙኒክ ኦሊምፒክ በሶቭየት ኅብረትና በዩናይትድ ስቴትስ መካከል የተካሄደው የወንዶች ፍጻሜ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1972፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን 15 ደቂቃ ሲቀረው ተጀመረ። በዚያው ሳምንት 11 የእስራኤል ልዑካን ተገድለው ስለነበር የውድድሩ መርሐ ግብር በአንድ ቀን ተገፍቷል። አሜሪካውያን ቅርጫት ኳስ በኦሊምፒክ ከተጀመረበት ከ1936 አንሥቶ ያደረጓቸውን 63 ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፈው ነበር የመጡት። 64ኛውን 51 ለ 50 ተሸነፉ።

ስለዚህ ጨዋታ የሚናገር ሰው ሁሉ ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ሰከንዶች ይናገራል። እኔም ወደዚያው መድረሴ አይቀርም፤ ነገር ግን መዝገቡን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይሻላል። የመጀመሪያው አጋማሽ 26 ለ 21 በሶቭየት መሪነት ተጠናቀቀ። ሁለተኛውን አጋማሽ ለብቻው ብናሰላው አሜሪካ 29፣ ሶቭየት ኅብረት 25 ነጥብ አስቆጥረዋል። ከሶቭየቶች 51 ነጥብ ውስጥ 20ው የአንድ ሰው፣ የሰርጌይ ቤሎቭ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ልዩነቱ እስከ 10 ነጥብ ሰፍቶ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን በሦስት ሰከንዱ ትዝታ የተሸፈነውን ጨዋታ ነው። የአሜሪካ ቡድን ከዩኒቨርሲቲ የተውጣጡ ወጣቶች ስብስብ ነበር። አሠልጣኙ ሄንሪ አይባ ኳስን ይዞ በዝግታ መጫወትንና ጥብቅ መከላከልን ይመርጡ ነበር። በ20 ደቂቃ 21 ነጥብ የዚህ ምርጫ ውጤት ይመስለኛል። ወጣቶቹ ወደ ኋላ ቀርተው እንደ ልባቸው መሮጥና ተጋጣሚን በሜዳው ሙሉ ማጨናነቅ ሲጀምሩ ቁጥሩ ወዲያው ተለወጠ። ስለዚህ «ድላችን ተሰረቀ» የሚለው ትረካ አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አሜሪካ በዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ የመራችው ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው ነው።

በዚያች ቅጽበት ዳግ ኮሊንስ ጥፋት ተፈጽሞበት በኃይል ወድቆ ተነሣና ሁለቱንም ነፃ ውርወራዎች አስገባ። 50 ለ 49። ሁለተኛውን ሊወረውር ሲል ከጠረጴዛው የጥሩምባ ድምፅ ተሰማ፤ ውርወራው ግን ጸደቀ። የሶቭየት አሠልጣኝ ቭላዲሚር ኮንድራሺን ከነፃ ውርወራው አስቀድመው የእረፍት ጊዜ መጠየቃቸውን ተናገሩ። ጨዋታው ቀጥሎ አንድ ሰከንድ ሲቀር ዳኛው አስቆሙት። በዚህ ጊዜ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ዊልያም ጆንስ ከተመልካች መቀመጫ ወርደው ሰዓቱ ወደ ሦስት ሰከንድ እንዲመለስ አዘዙ። ደንቡ በሜዳ ላይ የመወሰንን ሥልጣን የሰጠው ለዳኞች እንጂ ለዋና ጸሐፊው አልነበረም። ሰዓቱ ገና ተስተካክሎ ሳያልቅ ኳስ ተወረወረ፤ ጥሩምባ ነፋ፤ አሜሪካውያን ተቃቅፈው ጨፈሩ። ያም ተሰረዘ። በሦስተኛው ሙከራ ኢቫን ኤዴሽኮ ኳሱን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ላከ፤ አሌክሳንደር ቤሎቭ በሁለት ተከላካዮች መካከል ተቀብሎ አስገባ።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። የቅርጫት ኳስ የውጤት መዝገብ ዋና ሥራው ማን ስንት እንዳስቆጠረና ማን ስንት ጥፋት እንደ ፈጸመ መያዝ ነው። ለ50 ቀጥሎ 51 የሚል ውጤት ይጽፋል፤ በመካከላቸው ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መመለሱን የሚነግር ቁጥር ግን የለውም። ሁለት ነጥብ ሁለት ነጥብ ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የገባውና ከሦስተኛው ሙከራ የተገኘው አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው። ሰነዱ የዋሸው ነገር የለም። የተጠየቀውን ብቻ መለሰ። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ ግን ውጤቱን በፊርማቸው ለማጽደቅ እምቢ አሉ። ለእኔ ከገጹ ሁሉ የሚበልጠው መረጃ ይህ ነው፤ በሰነዱ ቁጥርና በሰነዱ ሥልጣን መካከል ያለውን ርቀት ያሳያልና።

አሜሪካውያን አቤቱታ አቀረቡ። አምስት አባላት ያሉት የይግባኝ ጉባኤ 3 ለ 2 ውድቅ አደረገው። የኩባ፣ የፖላንድና የሃንጋሪ አባላት በአንድ ወገን፣ የጣሊያንና የፖርቶ ሪኮ አባላት በሌላው ወገን ሆኑ። ይህ የድምፅ ቁጥር ከጨዋታው ውጤት ባልተናነሰ ሲጠቀስ ይኖራል፤ የቀዝቃዛው ጦርነት ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተሣለ ይመስላልና። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ሆኖም ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማሳስበው፣ የድምፅ ሰጪዎቹ አሰላለፍ ስለ ሰጪዎቹ እንጂ ስለ ሰዓቱ ማስረጃ አይሆንም። የእረፍት ጊዜው በወቅቱ ተጠይቆ እንደ ሆነና አለመሆኑን 3 ለ 2 አይነግረንም።

ቁጥር ያለ ሁኔታው ሊነበብ እንደማይችል የሚያስረዳ ሌላ ምሳሌ ከዚያው ስፖርት ልጥቀስ። በ1936 በበርሊን አሜሪካ ካናዳን በፍጻሜው 19 ለ 8 አሸነፈች። ጆ ፎርተንቤሪ ብቻውን የካናዳን ቡድን ያህል፣ 8 ነጥብ፣ አስቆጠረ። ከዕረፍት በኋላ ግን ውጤቱ 4 ለ 4 ነበር። ጨዋታው በአፈር ሜዳ፣ በዝናብ ሥር መካሄዱንና ኳስ ጭቃ ላይ እንደማትነጥር ያላወቀ ሰው ከዚህ ምን ይረዳል?

የእኛም ታሪክ ከሙኒክ መዝገብ ውስጥ አለበት። ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ያገኘው በሴፕቴምበር 10፣ ያ ጨዋታ ባለቀበት ቀን ነው። ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ በ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ግን አልተሰለፈም። ለምን እንደ ቀረ ልዩ ልዩ ታሪክ ሲነገር ኖሯል፤ የውጤት ዝርዝሩ የሚያውቀው አለመሮጡን ብቻ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በሞስኮ ሁለቱንም ርቀቶች ባያሸንፍ ኖሮ ያቺን ባዶ መስመር ለማስረዳት የሚደክም ስንት ሰው ይኖር ነበር?

የአሜሪካ ተጫዋቾች ሜዳሊያ ለመቀበል ወደ መድረኩ አልወጡም። በዚያ ሌሊት በሜዳው የነበረው ኬኒ ዴቪስ፣ ወራሾቹ ሜዳሊያውን ፈጽሞ እንዳይቀበሉ በኑዛዜው አስፍሯል። በኦሊምፒኩ የሜዳሊያ ሠንጠረዥ ላይ ግን ከዩናይትድ ስቴትስ ስም ትይዩ፣ በወንዶች ቅርጫት ኳስ ረድፍ፣ «ብር» ተብሎ ተመዝግቧል።