«ሌትስ ጌት ሎስት»፦ የቼት ቤከር ዝናና ውድቀት በጥቁርና ነጭ

«ሌትስ ጌት ሎስት» አሜሪካዊው የፋሽን ፎቶግራፍ አንሺ ብሩስ ዌበር እ.አ.አ. በ1988 ለእይታ ያበቃው ዘጋቢ ፊልም ነው። የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹንና ድምፃዊውን የቼት ቤከርን ሕይወት ይተርካል። ርዕሱ ቤከር በወጣትነቱ ካዜመው ዘፈን የተወሰደ ሲሆን፣ «አብረን እንጥፋ» እንደማለት ነው።

ቤከር በ1929 በኦክላሆማ ግዛት፣ ዬል በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። በ1952 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፒያኖ ያልነበረውን የጄሪ ማሊጋንን ኳርቴት ተቀላቀለ። ዝግ ያለና ለስላሳ አነፋፉ፣ ኋላም ያለ ጌጥ የሚያዜምበት ድምፁ በአጭር ጊዜ ዝነኛ አደረጉት። ዊልያም ክላክስተን ያነሣቸው ፎቶግራፎች ደግሞ መልኩን ከዜማው እኩል አስወደዱለት።

ውድቀቱ በሄሮይን ሱስ መጣ። በ1960 ጣልያን ውስጥ ተይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። በ1966 ካሊፎርኒያ ውስጥ በደረሰበት ድብደባ ጥርሶቹ ተጎዱ። ትራምፔት የሚነፋ ሰው የመሣሪያውን አፍ የሚያሳርፈው ጥርሱ በደገፈው ከንፈሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቤከር ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስተከለ በኋላ አነፋፉን እንደ አዲስ መማር ነበረበት። በ1970ዎቹ ወደ መድረክ ተመልሶ፣ ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው በአውሮፓ አሳለፈ።

ዌበር የቀረጸው የመጨረሻ ዘመኑን ቤከር ነው። በጥቁርና ነጭ የተሠራው ፊልም የ1950ዎቹን ውብ ወጣት፣ ያለ ዕድሜው ከተሸበሸበው ፊት ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ተመልካቹ በዜማው ከተማረከ በኋላ የዋጋው ከፋዮች ይመጣሉ፦ ባለቤቱ፣ የቀድሞ ወዳጆቹ፣ ልጆቹ። አንዱ የነገረውን ሌላው ያፈርሳል፤ የድብደባው ታሪክ እንኳ በተለያየ መልክ ይተረካል። እናቱ በልጃቸው አዝነው እንደሆነ ሲጠየቁ አልካዱም፤ ነገሩን ማብራራት ግን አልፈለጉም።

የፊልሙ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ቤከርን ለዝና ያበቃው ማራኪነት፣ የሚወዱት ሰዎች ደጋግመው ይቅር እንዲሉት ያደረገም ነበር። ካሜራው ራሱ ከዚያ ማራኪነት ነጻ አይደለም፤ ይህንንም አይሸሽግም።

ቤከር ፊልሙን ለማየት አልታደለም። ግንቦት 13 ቀን 1988፣ በ58 ዓመቱ፣ አምስተርዳም ውስጥ ካረፈበት ሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። ፊልሙ ከወራት በኋላ በቬኒስ ፌስቲቫል ታይቶ፣ ኋላም በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ለኦስካር ሽልማት ታጨ።