የካልዲ ፍየሎችና የካፋ ቡና

በኮሌጆቻችን የንግግር ትምህርት የሚወስድ ተማሪ አንድ ርእስ መርጦ፣ ማስረጃ አሰባስቦ፣ አድማጩን የሚያሳምን ንግግር እንዲያቀርብ ይታዘዛል። መምህር እንደመሆኔ ይህን የርእስ ምርጫ በቅርብ እከታተላለሁ። ከካፋ ምድር የመጣ ተማሪ፣ ከቦንጋም ይሁን ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሺሺንዳ፣ ቀድሞ የሚታየው ርእስ «የቡና መገኛ ካፋ ነው» የሚለው ነው። የሚያኮራ ርእስ ነው። ነገር ግን ለዚህ ርእስ በየመድረኩ የሚጠቀሰው ማስረጃ ሲመረመር ለሙግት የሚጸናውና የማይጸናው ተደባልቆ ይገኛል።

ከማይጸናው እንጀምር። የመጀመሪያው የካልዲ ተረት ነው። ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በላቲን ባሳተመው ድርሰት ውስጥ የእረኛው ታሪክ ይገኛል። ሆኖም እረኛው በዚያ ድርሰት ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው እንጂ ካፋ አይደለም። ሁለተኛው የስሙ ነገር ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን በቱርክኛ በኩል ያገኙት «ቀህዋ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው፤ ይህም ቃል ቀድሞ ለወይን ጠጅ ያገለግል ነበር። ከካፋ ስም መወለዱ አልተረጋገጠም። ራሱ ካፊቾው ቡናን «ቡኖ» ይለዋል። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ይዞ የሚነሣ ተሟጋች በመጀመሪያው ጥያቄ ይረታል፤ የከፋው ደግሞ እውነተኛው ማስረጃው አብሮት መረታቱ ነው።

እውነተኛው ማስረጃ ያለው ጫካው ውስጥ ነው። ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አረቢካ» ብሎ የሰየመው ተክል በዱርነት በሰፊው የሚበቅለውና ከፍተኛውን የዘር ልዩነት የያዘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ዩኔስኮም የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ጠንቃቃ ተማሪ ግን የተቃራኒውንም ወገን ቃል ያዳምጣል። በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባና በኬንያ የማርሳቢት ተራራም የዱር አረቢካ ተገኝቷል፤ በጅማ ዞን የጮጬ ሕዝብም መገኛነቱ የእኛ ነው ይላል። ስለዚህ ለአካባቢው በጠቅላላ መሟገት ይቻላል፤ ለአንዲት መንደር መሟገት ግን ያስቸግራል።

በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ ርእስ አለ፤ ይኸውም መገኛ መሆን ምን ያስገኛል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት የላከው የቡና ልዑክ በቀድሞው የካፋ ጠቅላይ ግዛት ጭምር ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበ፤ ዘሩም በተለያዩ አገሮች ለምርምር ተተከለ። በዚያ ዘመን የዕፅዋት ዘር የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ይባል ነበር። አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸው ሉዓላዊነት በዓለም አቀፍ ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ካፌይን አልባ ለመባል የተቃረቡ የቡና ተክሎች ማግኘታቸውን ሲያስታውቁ፣ የተክሎቹ ዘር የኢትዮጵያ ነበር። የእኛ አዋጅ ቁጥር 482 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት የተፈረመባቸው ስሞችም ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ ነበሩ። ካፋ በመካከላቸው አልነበረም።

እዚህ ላይ የታሪክ ዕዳ አለብን። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ወድቆ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ ተማርኳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ካፋ በስፋት ሲጻፍ የኖረው ከውጭ በመጣ ሰው እጅ ነው፤ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች ለዚህ ምስክር ናቸው። የባለቤቱ ቃል በአመዛኙ ከአፍ አልወረደም።

ስለሆነም ለሺሺንዳው ተማሪ የምለው ይህ ነው። ቤተ መጻሕፍት ከመግባትህ በፊት ወደ ሽማግሌዎችህ ሂድ። በ1964 አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሰባ አምስትን አልፏል። ዘር ሰብሳቢዎች በመንደሩ አልፈው እንደሆነ፣ ማን እንደመራቸው፣ ምን ተብሎ እንደተጠየቀ፣ ምን እንደተከፈለ በካፊኖኖ ጠይቅና ቀኑንና ቦታውን መዝግብ። ከዚያ የሰማኸውን ከጽሑፉ ጋር አስተያይ፤ ሁለቱ ያልተስማሙበትን በንግግርህ ውስጥ አትሸሽግ። አድማጭህን የሚያሳምነው ይህ ነው። ካልዲን ማንም ያወራዋል፤ እነዚህ አረጋውያን ሲያልፉ ግን የሚተካቸው መጽሐፍ የለም።